የሚስዮናውያን የገንዘብ ድጋፍ በኢትዮጵያ

የሚስዮናውያን የገንዘብ ድጋፍ ማለት የክርስትናን እምነት ለመስበክ ወይም ከእምነቱ ጋር የተያያዘ አገልግሎት ለመስጠት የተላከ ሰው ለኑሮውና ለሥራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከግለሰቦች፣ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናትና ከማኅበራት የሚያገኝበት አሠራር ነው። ድጋፉ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በእህል፣ በመኖሪያ ቤት፣ በመጓጓዣ ወይም በሙያ እርዳታ ሊሰጥ ይችላል። አሠራሩ ሁለት ክፍሎች አሉት፦ አንደኛው ድጋፍን ማሰባሰብ፣ ሁለተኛውም የተገኘውን ድጋፍ ለዓመታት ማቆየት ነው። ብዙ ጊዜ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

በኢትዮጵያ ይህ አሠራር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። መጀመሪያ ገንዘቡ ከአውሮፓ ብቻ ይመጣ ነበር። በኋላ ግን የአገሪቱ ምእመናን ራሳቸው ወንጌላውያንን እየላኩ መደገፍ ጀመሩ። የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ከተማ የሆነችው ድሬዳዋ ከሐረር ጋር በመሆን በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት።

## ስያሜ

«ሚስዮን» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን «መላክ» ማለት ነው። በግዕዝ «ሐዋርያ» የሚለው ቃል «ሖረ» (ሄደ) ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። «ተልዕኮ» ደግሞ ከ«ለአከ» (ላከ) ይመጣል። በመሆኑም በቃሉ ውስጥ ላኪና ተላኪ አሉ፤ የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ የሚነሣውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካለው ግንኙነት ነው።

በኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ከውጭ አገር የመጣው ሰው በተለምዶ «ሚስዮናዊ» ሲባል፣ የአገሪቱ ተወላጅ የሆነው ደግሞ «ወንጌላዊ» ወይም «የሙሉ ጊዜ አገልጋይ» ይባላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «ሰባኬ ወንጌል» የሚለው ስም የተለመደ ነው።

## የመጽሐፍ ቅዱስ መሠረት

አብያተ ክርስቲያናት ስለ ድጋፍ ሲያስተምሩ ዘወትር የሚጠቅሷቸው ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው፦

* ሉቃስ 8፦ ኢየሱስንና ደቀ መዛሙርቱን በገንዘባቸው ያገለግሉ የነበሩ ሴቶችን ይጠቅሳል።
* የሐዋርያት ሥራ 18፦ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ እንደኖረ ይተርካል።
* 1ኛ ቆሮንቶስ 9፦ ወንጌልን የሚሰብክ ሰው ከዚያው ሥራ የመኖር መብት እንዳለው ይከራከራል። ይሁን እንጂ ጳውሎስ ራሱ በቆሮንቶስ በዚህ መብት እንዳልተጠቀመ ይገልጻል።
* ፊልጵስዩስ 4፦ ጳውሎስ የፊልጵስዩስ ምእመናን ደጋግመው ስለላኩለት ስጦታ ያመሰግናል።
* ሮሜ 15፦ ጳውሎስ ወደ እስጳንያ ለሚያደርገው ጉዞ የሮሜ ምእመናን እንዲረዱት ያለውን ተስፋ ይጽፋል።

ከእነዚህ ክፍሎች አንድ ወጥ ደንብ አይወጣም። ያው ጳውሎስ በአንዱ ከተማ በእጁ ሲሠራ፣ በሌላው ስጦታ ሲቀበል፣ በሦስተኛው ድጋፍ ሲጠይቅ ይታያል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ልዩ ልዩ አሠራሮችም በየፊናቸው ከእነዚሁ ክፍሎች አንዱን ወይም ሌላውን መነሻ ያደርጋሉ።

## የድጋፍ ዓይነቶች

### ደመወዝ ከማዕከል

ላኪው ድርጅት ወይም ቤተ ክርስቲያን ከምእመናን የተሰበሰበውን ገንዘብ ወደ አንድ ቋት ያስገባል፤ ከዚያም ለሚስዮናውያኑ በተወሰነ ልክ ይከፍላል። ሚስዮናዊው ገንዘብ ለማሰባሰብ አይጨነቅም። በአንጻሩ ማዕከሉ ሲዳከም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጎዳሉ።

### የእምነት መርሕ

በዚህ አሠራር ሚስዮናዊው ቋሚ ደመወዝ አይሰጠውም፤ ሰውንም ገንዘብ አይለምንም፤ የሚያስፈልገውን በጸሎት ይጠብቃል። በእንግሊዝ ብሪስቶል የሕፃናት ማሳደጊያ ያቋቋመው ጆርጅ ሙለር በዚህ መርሕ ይታወቃል። በ1865 እ.ኤ.አ. ሃድሰን ቴይለር የመሠረተው የቻይና የውስጥ ሚስዮንም መርሑን ለውጭ አገር ሥራ አዋለው። በ1893 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሱዳን የውስጥ ሚስዮን (ኤስ አይ ኤም) ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

### የግል ድጋፍ ማሰባሰብ

ሚስዮናዊው ራሱ ወዳጆቹን፣ ዘመዶቹንና አብያተ ክርስቲያናትን እየዞረ ያነጋግራል፤ በየወሩ ለመስጠት ቃል የሚገቡለትን ሰዎችም ያሰባስባል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በድርጅቱ ሂሳብ በኩል ያልፋል። በ1951 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው የካምፓስ ክሩሴድ እንቅስቃሴ ሠራተኞች በዚህ መንገድ ይተዳደራሉ። የእንቅስቃሴው የኢትዮጵያ አቻ ታላቁ ተልዕኮ በመባል ይታወቃል።

### በሙያ ራስን መቻል

ሚስዮናዊው በመምህርነት፣ በሕክምና፣ በንግድ ወይም በእጅ ሥራ ተቀጥሮ ወይም የራሱን ሥራ ፈጥሮ ይኖራል። ይህ ከጳውሎስ ሙያ በመነሣት «የድንኳን ሰፊ አገልግሎት» ይባላል።

### የአጥቢያ ድጋፍ

አንድ ወይም ጥቂት አጥቢያዎች አንድን ወንጌላዊ ለይተው ይልካሉ፤ በአሥራት፣ በመባና በበኩራት ይደግፉታል። በገጠር ድጋፉ በመከር ወቅት በእህል፣ በቡና ወይም በከብት ሊሰጥ ይችላል።

## ታሪክ በኢትዮጵያ

### የአገሪቱ ጥንታዊ ልማድ

የውጭ ሚስዮናውያን ከመምጣታቸው በፊት በኢትዮጵያ የመንፈሳዊ አገልግሎት መተዳደሪያ በአብዛኛው መሬት ነበር። ካህናትና ደብተሮች በሰሞን መሬት ይኖሩ ነበር፤ አድባራትና ገዳማትም ጉልት ነበራቸው። የአብነት ተማሪው ደግሞ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ በእመቤታችን ስም እየለመነ ይማር ነበር፤ «የቆሎ ተማሪ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ይህ ልመና እንደ ውርደት ሳይሆን የትምህርቱ አንድ ክፍል ተደርጎ ይታያል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያኗን መሬት ወረሰ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ በሚባለው ደንብ የሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ስለነበር፣ የምእመናን የአባልነት ክፍያ፣ አሥራትና መባ የአገልግሎቱ ዋና መደገፊያ እየሆነ መጣ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም ሥራውን ከሚያካሂድባቸው መንገዶች አንዱ የአባላት ወርኃዊ መዋጮ ነው።

### የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚስዮናውያን

ካቶሊካዊው የካፑቺን መነኩሴ ጉልዬልሞ ማሳያ (አቡነ ማስያስ) በ1846 እ.ኤ.አ. በኦሮሞ ምድር ለሚሠራው ሐዋርያዊ ቪካርያት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ገንዘብ ይሰበሰብበት ከነበሩት መንገዶች ዋናው በ1822 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሊዮን የተቋቋመው የእምነት ማስፋፊያ ማኅበር ነበር። የማኅበሩን አሠራር የጀመረችው ፖሊን ዣሪኮ የምትባል ምእመን ናት። ዘዴው ቀላል ነበር፦ ሰዎች በአሥር በአሥር ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ሳንቲም (አንድ ሱ) ይሰጣል፤ የአሥሩ ሰብሳቢ ገንዘቡን ወደ መቶው ሰብሳቢ ያደርሳል። በዚህ መንገድ የፋብሪካ ሠራተኞች ሳንቲም ተጠራቅሞ ሩቅ አገር ይደርስ ነበር። ማኅበሩ ከሚስዮናውያን የሚደርሱትን ደብዳቤዎች በመጽሔት እያተመ ለሰጪዎቹ ያሰራጭ ነበር። ይህም የዛሬው የሚስዮናውያን ደብዳቤ ቀዳሚ ነው። አቡነ ማስያስ ራሳቸው በኢትዮጵያ ስላሳለፉት 35 ዓመት በ12 ቅጽ የጻፉት ትዝታ ከ1885 እስከ 1895 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ገንዘብ መገኘቱ ብቻ በቂ አልነበረም። ባንክ በሌለበት ዘመን ብሩ በባሕር እስከ ምጽዋ ወይም ዘይላ፣ ከዚያም በነጋዴ ቅፍለት ወደ መሃል አገር ይጓዝ ነበር። መገበያያው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ ለትንንሽ ግዢም አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። መንገድ ሲዘጋ ወይም ጦርነት ሲነሣ ድጋፉ ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል።

በፕሮቴስታንቱ ወገን ሳሙኤል ጎባት በ1830 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ተልኮ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ጎባት በኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሲሆን ከማኅበር ገንዘብ የማይጠብቁ፣ በእጃቸው ሙያ የሚኖሩ ሚስዮናውያን እንዲላኩ አሰበ። በዚህ ሐሳብ በስዊዘርላንድ ከባዝል አጠገብ ካለው ቅዱስ ክሪሾና የወጡ የእጅ ባለሙያዎች በ1850ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስፍረው ይረዷቸው ነበር። በምላሹ ግን ከስብከት ይልቅ መድፍ እንዲሠሩላቸው ፈለጉ፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራውም በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። በሙያ ራስን የመቻል አሠራር ሚስዮናዊውን ከላኪው ማኅበር ገንዘብ ነጻ ቢያወጣውም፣ ለሚያሠራው ሰው ፍላጎት እንደሚያስገዛው ጋፋት ቀደምት ምሳሌ ናት።

በ1866 እ.ኤ.አ. የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ሠራተኞች ምጽዋ ገቡ። ከዚህ ሚስዮን ትምህርት የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመ ሲሆን ሥራው በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በስካንዲኔቪያ አገሮች ሚስዮኖችን በመደገፍ ትልቁን ድርሻ ከያዙት መካከል በየመንደሩ የተቋቋሙ የሴቶች ማኅበራት ይገኛሉ። እነዚህ ማኅበራት ሹራብና ጥልፍ እየሠሩ፣ ሽጠውም ገንዘቡን ይልኩ ነበር።

### ሐረርና ድሬዳዋ

የአቡነ ማስያስ ተተኪ አቡነ ቶሪን ካሃኝ በ1880ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሐረር ገብተው ተቀመጡ። ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራውን የመሩት ፈረንሳዊው ካፑቺን አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ሲሆኑ፣ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን ወጣቱን ተፈሪ መኰንንን በማስተማራቸው ይታወቃሉ። የሐረር ሚስዮን በፈረንሳይ የቱሉዝ ካፑቺኖች ክፍለ ሀገር ሥር ስለነበረ፣ አባቶቹም ድጋፉም በአብዛኛው ከዚያ ይመጡ ነበር።

በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ሁኔታው ተለወጠ። ከባሕር የሚመጣው ዕቃ በግመል ፋንታ በባቡር ይገባ ጀመር። በ1905 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክም በሐረርና በድሬዳዋ ቅርንጫፎች ከፈተ። ኢትዮጵያ በ1908 እ.ኤ.አ. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ባቡር፣ ባንክና ፖስታ በአንድ ዘመን መምጣታቸው ለሚስዮናዊው ትልቅ ለውጥ ነበር። ደብዳቤው በፍጥነት ወደ ሰጪዎቹ ይደርሳል፤ ገንዘቡም ያለ ቅፍለት ይመለሳል።

በሐረር የለምጽ ሕሙማንን ይረዱ የነበሩት የካፑቺን አባት ማሪ በርናር ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የኢትዮጵያ ዘሪ» የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛ መጽሔት ያሳትሙ ነበር። ከሕሙማኑ ጠባቂ ቅዱስ ስሙን ያገኘው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በኋላ ድሬዳዋ ላይ ሠርቷል። የላዛሪስቱ ሚስዮናዊ ባተማን የአማርኛ–ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ1929 እ.ኤ.አ. የታተመው በዚሁ በድሬዳዋው የካፑቺኖች ማተሚያ ቤት ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን ፈረንሳውያኑ ካፑቺኖች አገሩን እንዲለቁ ተደርጎ በጣልያናውያን ተተኩ። አቡነ እንድርያስ በ1941 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አረፉ። የድጋፉ ምንጭ ከአንድ አገር ጋር ሲቆራኝ የዚያ አገር ፖለቲካ በሥራው ላይ እንደሚወድቅ ይህ ያሳያል።

ከነጻነት በኋላ ከአሜሪካ የመጡ የሜኖናይት ሚስዮናውያን በናዝሬት (አዳማ)፣ በደደር፣ በበደኖና በድሬዳዋ ሠርተዋል። በናዝሬትና በደደር የሕክምናና የትምህርት ሥራ ነበራቸው። ከዚህ ሥራ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች።

### ድጋፉ ሲቋረጥ

በኢትዮጵያ የውጭ ድጋፍ በድንገት የተቋረጠባቸው ሁለት ታዋቂ ጊዜያት አሉ።

የመጀመሪያው በወላይታ ነው። የሱዳን የውስጥ ሚስዮን ሠራተኞች ከ1927 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ወደ ደቡብ ወርደው ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. በጣልያኖች ግፊት ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 48 እንደነበሩ ይነገራል። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ምእመናኑ ከ10,000 በላይ ሆነው አገኟቸው። በእነዚህ ዓመታት ከውጭ የሚመጣ ገንዘብም ሆነ ደመወዝ የሚከፈለው ወንጌላዊ አልነበረም። ምእመናኑ ጸሎት ቤታቸውን በራሳቸው ሠሩ፤ የታሰሩትንም ስንቅ እያቀበሉ ረዱ። በኋላም የወላይታና የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ወንጌላውያንን ወደ ሌሎች አውራጃዎች እየላኩ በራሳቸው መዋጮ ደገፉ። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የወንጌላውያን አገልግሎት ከዚህ ልማድ የተገኘ ነው።

ሁለተኛው በደርግ ዘመን ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም አሰረ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ጀመሩ። ሕንፃም የውጭ በጀትም ሳይኖር የምእመናኑ ቁጥር በ1991 እ.ኤ.አ. ከመዘጋቷ በፊት ከነበረው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ ታሪኮች ገንዘብ አያስፈልግም ለማለት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። ሆኖም በሁለቱም ጊዜ ድጋፍ አልጠፋም፤ ምንጩ ተለወጠ እንጂ። ቤቱን ለስብሰባ የከፈተው፣ እንግዳ ወንጌላዊን ያሳደረው፣ የታሰረውን ሰው ቤተሰብ የመገበው ምእመን ሁሉ ደጋፊ ነበር።

## ራስን የመቻል ክርክር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሄንሪ ቬንና አሜሪካዊው ሩፎስ አንደርሰን አንዲት አዲስ ቤተ ክርስቲያን ራሷን የምታስተዳድር፣ ራሷን የምትደግፍና ራሷን የምታስፋፋ መሆን አለባት ብለው ነበር። ይህ «ሦስቱ ራስን የመቻል መርሖች» ይባላል።

በኢትዮጵያ ይህንን ጥያቄ በጥልቀት ካነሡት መካከል የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ይጠቀሳሉ። ቤተ ክርስቲያኗ በጥር 1951 ዓ.ም. (1959 እ.ኤ.አ.) ስትመሠረት የስዊድን፣ የጀርመን፣ የኖርዌይና የሌሎች ሚስዮኖች ሥራ ፍሬ ነበረች። በ1972 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የምዕራባውያን ለጋሾች ለልማት ሥራ ገንዘብ ሲሰጡ ለስብከት ግን እጃቸውን እንደሚያጥፉ ተናገረች። ሰው ሥጋም ነፍስም በመሆኑ ሁለቱ ሊነጣጠሉ እንደማይገባም አሳሰበች። የክርክሩ ፍሬ ነገር ገንዘቡ የሚውልበትን ማን ይወስን የሚል ነበር፤ የሰጠው ወይስ የሚሠራው?

በዚያው ዘመን ኬንያዊው ጆን ጋቱ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብና ሰው ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆም ሐሳብ አቅርቦ በአፍሪካ ትልቅ ውይይት ተነሥቶ ነበር። ቄስ ጉዲናም በዚህ ጉዳይ ጽፈዋል። በ1979 እ.ኤ.አ. በደርግ ተገደሉ።

## የዛሬው አሠራር

### በጀት ማውጣት

ድጋፍ ማሰባሰብ የሚጀምረው በጀት በማውጣት ነው። አሠራሩን ለማሳየት የሚከተለው ምሳሌ ይበቃል፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ብቻ የቀረቡ ናቸው።

* የቤት ኪራይ፦ 6,000 ብር
* ምግብ፦ 7,000 ብር
* መጓጓዣ፦ 2,000 ብር
* የልጅ ትምህርት፦ 2,000 ብር
* ሕክምናና ድንገተኛ ወጪ፦ 1,500 ብር
* ቁጠባና ጡረታ፦ 1,500 ብር

ድምሩ በወር 20,000 ብር ነው። ላኪው ድርጅት ለቢሮ አገልግሎት 10 በመቶ የሚጨምር ከሆነ 22,000 ብር ይሆናል። ሁለት አጥቢያዎች 3,000 ብር በየነፍሳቸው፣ 30 ሰዎች 300 ብር፣ 11 ሰዎች 500 ብር ለመስጠት ቃል ቢገቡ የሚገኘው 20,500 ብር ነው። የቀረውን 1,500 ብር ለመሙላት 300 ብር የሚሰጡ ሌሎች አምስት ሰዎች ያስፈልጋሉ።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ነው። ሕክምናና ጡረታ በበጀት ካልተያዙ፣ ወንጌላዊው በታመመ ወይም በሸመገለ ጊዜ ችግሩ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ለዓመታት ያገለገለ ሰው ያለ ጡረታ ሲቀር ልጆቹም ሆኑ የሚያዩት ወጣቶች ከአገልግሎቱ ይሸሻሉ።

### ማሰባሰብ

የተለመደው መንገድ በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች መጀመር ነው፤ የራስ አጥቢያ፣ ዘመድ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ። ሰው በአካል ተገናኝቶ ሲጠየቅ በጉባኤ መድረክ ላይ በጅምላ ከሚጠየቀው ይልቅ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ፊት ለፊት ገንዘብ መጠየቅ ነውር ስለሚመስል፣ ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎች ወይም የአጥቢያው መሪዎች በአገልጋዩ ፈንታ ይጠይቃሉ። ይህ አካሄድ አገልጋዩን ከይሉኝታ፣ ሰጪውንም ከግፊት ይጠብቃል።

ኅብረተሰቡ በእድር፣ በእቁብና በጽዋ ማኅበር በየወሩ የማዋጣት ልምድ ስላለው ወርኃዊ ድጋፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ የእድር አባል ነገ ለራሱም እንደሚደርሰው ሲያውቅ፣ የሚስዮናዊ ደጋፊ ግን በዓይኑ የማያየውን ሥራ መደገፉ ነው። ስለዚህ መረጃ ወሳኝ ይሆናል።

### ማቆየት

ደጋፊ የሚቀንስባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ሥራ ማጣት፣ ጋብቻ፣ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር መሄድ፣ ሞት፣ ወይም ዝም ብሎ መርሳት። ከላይ ባለው ምሳሌ 300 ብር ከሚሰጡት ስድስቱ ቢያቆሙ በወር 1,800 ብር ይጎድላል። በመሆኑም አዲስ ደጋፊ መፈለግ በየዓመቱ የሚቀጥል ሥራ ነው።

ድጋፍን ለማቆየት የሚረዱ ልማዶች የሚከተሉት ናቸው፦

* የጸሎት ደብዳቤ፦ በተወሰነ ጊዜ የሚላክ አጭር ሪፖርት። ዛሬ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ይላካል። ደስ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም ሲገልጽ ይታመናል።
* ምስጋና፦ የተሰጠው ትንሽም ቢሆን መድረሱን በጊዜ ማሳወቅ።
* ጉብኝት፦ ለዓመታት ሩቅ የቆየ ሚስዮናዊ ወደ ላኪዎቹ ተመልሶ በየአጥቢያው ሪፖርት ያቀርባል።
* የሂሳብ ግልጽነት፦ ገንዘቡ በግለሰቡ ሳይሆን በድርጅቱ ወይም በአጥቢያው ሂሳብ መግባቱ፣ ደረሰኝ መቆረጡ፣ ገንዘብ ያዥና ሂሳብ ሹም የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው፣ በየዓመቱም ኦዲት መደረጉ።

የመጨረሻው ነጥብ ለሚስዮናዊው ራሱ መከላከያ ነው። ሂሳቡ ግልጽ ያልሆነ ሰው ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ ሐሜት ሲነሣ የሚያሳየው ማስረጃ አይኖረውም።

### የዋጋ ንረትና የውጭ ምንዛሪ

ቃል የተገባ ብር በየዓመቱ ካልተከለሰ እየመነመነ ይሄዳል። ዋጋ በአንድ ዓመት 25 በመቶ ቢጨምር 22,000 ብር የሚገዛው ነገር ዓምና በ17,600 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ (2024 እ.ኤ.አ.) የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ለውጥ ከውጭ 150 ዶላር የሚላክለት ወንጌላዊ 8,550 ብር ያገኝ የነበረው 15,000 ብር ሆነለት። በብር የሚደገፈው ባልደረባው ግን ያንኑ ብር ይዞ ከፍ ባለ ዋጋ መግዛት ግድ ሆነበት። ከኢትዮጵያ ወደ ሌላ አገር የተላከው ሚስዮናዊ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጎዳል፤ ከአገር ቤት የሚሰበሰብለት ብር በዶላር ሲመነዘር ወደ ግማሽ ወርዶበታልና። በአንድ አጥቢያ በሚያገለግሉ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ የኑሮ ልዩነት ሲፈጠር ቅሬታ ስለሚያስነሣ፣ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ የሚመጣው ድጋፍ በጋራ ቋት ገብቶ እንዲከፋፈል ያደርጋሉ።

## ድሬዳዋ ዛሬ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር። ከዚህም ወደ 71 በመቶው ሙስሊም፣ ወደ 26 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 2.8 በመቶው ፕሮቴስታንት፣ 0.4 በመቶው ካቶሊክ ነበሩ። ፕሮቴስታንቶቹ በቁጥር ወደ 9,500 ሰዎች ማለት ናቸው፤ እነዚህም በብዙ ቤተ እምነቶች የተከፋፈሉ ናቸው።

ይህ አኃዝ በድጋፍ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። አነስተኛ አጥቢያ የራሱን መጋቢ ደመወዝ ከከፈለ በኋላ ለተጨማሪ ወንጌላዊ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚያገለግሉ ሰዎች ድጋፍ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ አጥቢያዎች ወይም በውጭ አገር ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይመጣል። የከተማዋ የንግድ ጠባይ ደግሞ በሙያ ራስን ለመቻል ያመቻል።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በኩል የሐረር ቪካርያት የማኅበራዊ ልማት ክፍል የሆነው የሐረርጌ ካቶሊክ ሴክሬታሪያት ቢሮው በድሬዳዋ ነው። የልማት ገንዘብ ከስብከት ገንዘብ ተለይቶ መያዝ እንዳለበት ይታመናል። በ1994 እ.ኤ.አ. ቀይ መስቀልና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ አንድን የሃይማኖት አቋም ለማራመድ መዋል የለበትም ይላል።

## ትችቶች

* ጥገኝነት፦ የውጭ ድጋፍ ሲበዛ የአጥቢያው ምእመን የመስጠት ልምድ ይዳከማል የሚል ትችት አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ድሃ አጥቢያን ብቻህን ተወጣው ማለት ኅብረትን መካድ ነው የሚሉ አሉ።
* መደለያ፦ በተለይ ልዩ ልዩ ሃይማኖቶች አብረው በሚኖሩባቸው እንደ ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች፣ ገንዘብ ወይም እርዳታ ሰውን ሃይማኖት ለማስቀየር ይውላል የሚል ክስ ይነሣል። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ የጎረቤት መተማመንን ሊያናጋ ስለሚችል የገንዘቡን ምንጭና አጠቃቀም ግልጽ ማድረግ ይመከራል።
* ወደ ሰጪው ማዘንበል፦ ደጋፊን ለማስደሰት ሲባል ሪፖርት ሊጋነን ይችላል፤ ብዙ ቁጥር የሚያስገኝ ሥራም ከሚያስፈልገው ሥራ ይልቅ ሊመረጥ ይችላል።
* አድልዎ፦ በግል ድጋፍ አሠራር ብዙ ወዳጅና ባለጸጋ ዘመድ ያለው ሰው በቀላሉ ይሰበስባል። ከድሃ ቤተሰብ የመጣው ግን ምንም ብቁ ቢሆን ሊቀር ይችላል።

## ደግሞ ይዩ

* ድሬዳዋ
* አቡነ ማስያስ
* ኦነሲሞስ ነሲብ
* ጉዲና ቱምሳ
* የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን
* መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን
* አሥራት
* እድር